ሽመሉ ያበበበት ዓመት

ሽመል ሣር ነው። ይህን የነገሩኝ ካርቱም ውስጥ ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ እሠራበት በነበረው ቪላ ውስጥ አትክልቱን የሚያጠጡት ሽማግሌ ናቸው። ሲነግሩኝ ግን ግራ ቀኙን ቃኝተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የመንግሥት ምሥጢር እንደሚያወጣ ሰው ነበር። የቤቱ ጌታ ሀጂ፣ «ዛፍ ነው» ብለዋላ! በዚያ ቤት ደግሞ ሀጂ «ዛፍ» ያሉት ነገር እስኪደርቅ ድረስ ዛፍ ነው።

እኔ ሽመልን የማውቀው በወሎ ወንዶች እጅ ነበር። በገበያ ቀን ትከሻ ላይ ተጋድሞ፣ በሠርግ ቀን ወደ ላይ ሲወዛወዝ፣ አልፎ አልፎም ጀርባ ላይ ሲያርፍ። የቆላ ቀርከሃ ሆኖ፣ ከመሬት በቅሎ ቅጠል አውጥቶ ያየሁት ካርቱም ነው። ከወንድሞቼ ዱላ ሸሽቼ መተማን ብሻገር፣ ዱላው ቀድሞኝ ገብቶ የሀጂን አጥር ተደግፎ ጠበቀኝ። የሚረግፈውን ቅጠል በየማለዳው የምጠርገውም እኔ ሆንኩ።

ሀጂ በወጣትነታቸው በስተ ደቡብ ባለችው ደማዚን ላይ የመንግሥት ሹም ነበሩ። ከዚያ ሲዛወሩ ከጫካው አንድ ሥር አስቆፍረው፣ በእርጥብ ጆንያ አስጠቅልለው ወደ ካርቱም አመጡ። ጆንያውን ጭነት መኪና ላይ አቅፈው የመጡት እኒሁ የደማዚን ሰው፣ አትክልተኛው ናቸው። ሥሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሪያድ ተተከለ፤ ግማሹ ቡሪ ሰፈር፣ የሀጂ እኅት ግቢ ውስጥ። የቡሪው ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተጥሎ ተረሳ። የሪያዱ ግን እንደ በኩር ልጅ ተቀማጥሎ አደገ።

ኸሪፍ ገብቶ ዝናብ ጠብ ሲል አዲስ ቡቃያ መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ያኔ ሀጂ እንግዳውን ሁሉ በጭማቂ እየደለሉ ወደ አጥሩ ይነዱታል። «ይኼ ገና ሕፃን ነው» ይላሉ፣ ቡቃያውን በከዘራቸው እየነኩ፤ «ከሁለት ዓመት በኋላ ኑና እዩት፣ ወገቡ የእኔን ያህላል።» እንግዶቹ ማሻአላህ ይላሉ። አትክልተኛው ከኋላ የውሃ ጎማውን ይዘው ይስላሉ።

«ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ሳሉ ጠናብዎት እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሳል አይደለም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉኝ። ሽመል ሲወጣ ውፍረቱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ መሬቱን ሲሰነጥቅ የነበረው ወገብ ሲሞትም ያው ነው። ቁመቱንም በአንድ ክረምት፣ አንዳንዴ በቀን ክንድ እየጨመረ፣ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ ዓመት በመጣ ቁጥር መጠንከር ብቻ ነው ሥራው። «እንደ ሀጃ በሉኛ» አልኳቸው። የቤቱ እመቤት ሀጃ ያን ጊዜ ልባቸው ከጠነከረ ቆይቶ ነበር። ሽማግሌው ሳቁና ውሃውን ጫማቸው ላይ ለቀቁት።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። አጥሩ ሥር የቆመው ያ ሁሉ ዘንግ ብዙ ይምሰል እንጂ ከታች አንድ ሥር ነው፤ አንዱ የጠጣውን ሌላው ይካፈለዋል። ሀጂ በእንግዳ ፊት እየቆጠሩ «ይህን ያህል ዛፍ አለኝ» ሲሉ፣ ያላቸው አንድ ሣር ነበር።

እንግዲህ ካርቱም ውስጥ ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ ገና ብርቅ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ በአንዱ በጋ ሽመሉ አበበ። አበባ ካሉት ነው። በየአንጓው ላይ ደረቅ ገብስ የመሰለ፣ የሚዋጋ እሾሃማ ክብ ነገር ወጣ። ሀጃ ግን «በቤታችን የወረደ በረካ» አሉና የሰፈሩን ሴት በሙሉ ጠሩ። ሴቶቹ ቶባቸውን፣ ያን ረጅም መጠቅለያ ልብሳቸውን፣ እየሰበሰቡ አጥሩ ሥር ተኮለኮሉ። ስንት ዓመት ያላበበ ነገር በሀጃ ዘመን አበበ እየተባለ ሀጃ ራሳቸው ያበቡ ያህል ተሞገሱ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

«አንቺስ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ ሀጃ።

እኔም አገሬ የምናደርገውን አደረግሁ። ያማረ ነገር ዓይን እንዳይበላው እትፍ እትፍ ይባልበታል፤ እናቴ በየሰው ልጅ ላይ እንዲያ ስትል ነው ያደግሁት። ጠጋ ብዬ አበባው ላይ እትፍ፣ እትፍ አልኩበት። መመረቄ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ጭማቂዋን ትሪው ላይ መለሰች። ያን ቀን ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔም መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ገብቼ ብርጭቆ አጠብኩ።

ማታ አትክልተኛው ጎማውን እየጠቀለሉ፣ «ይህ እኮ ሊሞት ነው» አሉኝ። ሽመል በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብበው። ሰው ልጅ ወልዶ እስኪድር ያህል ዘመን ዝም ብሎ ይኖርና፣ አንድ ቀን ያለውን ሁሉ ለፍሬው ሰጥቶ ከነሥሩ ይደርቃል። እሳቸው በልጅነታቸው አገራቸው ላይ አንድ ኮረብታ ሙሉ ባንድ ጊዜ ሲያብብና ሲደርቅ አይተዋል። የራበው ሰው ፍሬውን ፈጭቶ በላ፣ አይጡም በልቶ ረባ። «ታዲያ ለምን ለሀጂ አይነግሯቸውም?» አልኩ። ነግረዋቸው ነበር። ሀጂ የሰጡት መልስ «ውሃ ጨምር» የሚል ነው።

ውሃ ተጨመረ። ሽመሉ ውሃውን ጠጥቶ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቅጠሉን አራገፈ፣ ቀጥሎ ፍሬውን፣ ቀጥሎ አይጦቹ መጡ። የሪያድ አይጥ እንዲህ ያለ ድግስ አይቶ አያውቅም፤ አንዱ ጠግቦ ሀጃ አልጋ ላይ ተገኘ። በዚያ ቤት ሰው በሞተ ጊዜ እንኳ እንዲያ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። ሀጃም ያኔ ማሰብ ጀመሩ፤ ሀጃ ሲያስቡ ደግሞ አንድ ሰው መጎዳቱ አይቀርም።

«ምራቋ!» አሉ። «ሁላችን ማሻአላህ ስንል እሷ ተፋችበት። ዓይናም ናት፣ ቡዳ። ሐበሺያ!»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ሽመሉ እንዲሞት ያደረገው ፈጣሪው ነው፤ ፈጣሪን ደግሞ ሀጃ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዱለታል እንጂ አይከሱትም። ሽማግሌውን እንዳይከሱ የሀጂ ሰው ናቸው። እኔ ቀረሁ። ሀጂ መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ስለሆኑ በዓይን አያምኑም፤ ሚስታቸውን ግን ይፈራሉ። እስከሚመጣው ጁምዓ ጓዜን እንድጠቀልል ተነገረኝ።

ላልኖረበት ሰው፣ ከዚያ ቤት መውጣት ማለት ምን እንደሆነ ልንገር። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእነሱ ስም ነው የወጣው። ከበሩ ስወጣ ወረቀት የለሽ ነኝ፤ ወረቀት ለሌላት ደግሞ ከሻ የሚሉት አፈሳ አለላት። ከሻ ሲወጣ ፖሊሱ ሴቱን ሁሉ ከገበያ፣ ሀፍላ ከሚሉት አውቶቡስ፣ ከየደጁ እያፈሰ መኪና ላይ ይጭናል፤ መጨረሻው ወይ እስር ወይ መተማ ነው። መተማ ማለት ወንድሞቼ ማለት ነው። ስለዚህ ፈራሁ። አስቤ አስቤ ያገኘሁት መላ ግን የሞኝ ነበር፦ እውነቱን ላሳያቸው።

ዘዴውን የሰጡኝ አትክልተኛው ናቸው። «ቡሪ ያለው የዚሁ ሥር ግማሽ ነው» አሉኝ። «አንድ ሥር ተከፋፍሎ የትም ቢተከል ቀኑን አይረሳም። ይህ ካበበ ያም አብቧል።» እዚያ ግቢ እግሬ ረግጦ አያውቅም። የቡሪው ከደረቀ የእኔ ምራቅ የለበትም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

አንድ ችግር ነበር። ሀጃ የሁለቱ ቤት ሠራተኞች እንዳይገናኙ ከልክለዋል፤ ሐበሺያዎች ከተገናኙ የቤት ገመና ይወጣል ብለው። ያለ ፈቃድ ቡሪ ስትሄድ የተገኘች ሠራተኛ ሌላ ጥፋት አያስፈልጋትም፣ ትባረራለች። እኔ ግን ተባርሬ የለ እንዴ! ሰኞ ለአትክልት ግዢ ስላክ ሀፍላ ተሳፍሬ ቡሪ ወረድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ የእኛው የወሎ፣ የወረባቦ ልጅ ናት። ከእኔ በስድስት ሰባት ዓመት ታንሳለች፣ ሳቂታ ነገር። ለአቤቱታ መምጣቴን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ደነገጠች። «እመቤቴ ተኝታለች፣ ቶሎ በይ እትዬ» ብላ እጄን ይዛ ከታንከሩ ጀርባ ወሰደችኝ። ወላሂ ቆሟል! ያው እሾሃማ አበባ በየአንጓው ላይ፣ ያው ቢጫ ቅጠል፣ ያው ድርቀት። በዚያ ቤት ማንም ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም፤ እሷም የቆሻሻውን ባልዲ ስትደፋ እያየችው ልብ አላለችውም። ሁለታችን አፋችንን ይዘን ሳቅን። ቢላዋ አምጥታ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠችልኝ፣ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። «ይኸው ምስክርሽ» አለችኝ። በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማታ ሀጂና ሀጃ ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ቅርንጫፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እንደ ጠበቃ ተናገርኩ። ይህ ከቡሪ የመጣ ነው፤ አንድ ሥር ነው፤ በአንድ ወር አብቦ በአንድ ወር ደረቀ፤ እዚያ እኔ አልተፋሁም አልኩ። ያለ ፈቃድ መሄዴንም አልደበቅሁም። አትክልተኛው በሩ ላይ ቆመው «እውነቷን ነው፣ ጆንያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። ሀጂ ቅርንጫፉን በመነጽራቸው አገላብጠው አዩና «ሱብሐነላህ» አሉ። ይህን ስሰማ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ደስ አለኝ።

ሀጃ ተነሥተው ስልኩን አነሡ። የደወሉት ለቡሪዋ የባላቸው እኅት ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ አንድ ወገኑን ብቻ ሰማሁ።

«ያንቺም ደርቋል አሉ… አዎ፣ እንደኛው… ያንቺዋስ ሐበሺያ ናት አይደል? ከየት ነው ያለችው?… አየሽ! ከአንድ አገር ናቸው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ሁለት ሽመል ከአንድ ሥር መሆኑን ላስረዳ ሄጄ፣ ሀጃ ሁለት ሐበሺያ ከአንድ ሥር መሆናቸውን ተረድተው ተኙ። ማስረጃዬ አልተጣለም፤ ተተርጉሞ ሌላ ሰው ላይ ዋለ። የቡሪዋ ልጅ ዓይኗ በሥሩ በኩል ሪያድ ድረስ የዘለቀ ዓይናም፣ እኔ ግን ጉዱን ደርሼ ያጋለጥኩ ታማኝ ሆንኩ። በማግስቱ ሀጃ አንድ ያገለገለ ቶባቸውን ሰጡኝ። ተቀበልኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ለምን ብትሉኝ፣ መተማ ትዝ አለኝ። ልጅቷ በዚያው ሳምንት ከቡሪ ወጣች። ሀጂ ደግሞ ሽመሉን ከነሥሩ አስነቅለው ቦታውን በሲሚንቶ ደፈኑት፤ አትክልተኛው የፍሬውን ዘር እንዲዘሩ ቢለምኑ «በቃኝ ዛፍ» አሏቸው።

ልጅቷ ካርቱም ዳር፣ ካላክላ እንዳለች የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። አምስት ሴቶች በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ከስታለች። ከሻውን ፈርታ ከበር አትወጣም፤ ሥራ ቢገኝላት እንኳ እንዴት አድርጋ እንደምትደርስ አላውቅም። ስታየኝ ብድግ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ የመጣሁበትን መንገድ በሙሉ መልስ ስፈልግ ነበር። አልሰደበችኝም። እኔው ጠየቅኋት፤ እመቤቷ በትክክል ምን ብላ እንዳስወጣቻት።

«ሽመሉን ማን ቆረጠው፣ ማንስ ወደ ግቢው ገባ ብላ ጠየቀችኝ» አለች። «ማንም አልገባም አልኳት። ዋሸሽ አለችና ከዚያ ወዲያ ምን ብናገር ልታምነኝ ነው?»

«ታዲያ መጥታ ነበር አትያትም? እኔ እኮ ራሴ ነግሬያቸው ነበር!»

«መናገርሽን በምን ልወቅ እትዬ? ያለ ፈቃድ መምጣትሽ ከታወቀ ያስወጡሻል ብዬ ነዋ።» እጄን ያዘችኝ። «አላስወጡሽም አይደል?»

«አላስወጡኝም» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።