የጨው ነጋዴው ክምር

ሶዌቶ ውስጥ መንጋ «መጤ ነው» ብሎ የገደለው ባለሱቅ፣ ታምራት፣ በወደቀበት ቦታ ሰዉ ለመታሰቢያው ድንጋይ ይከምራል። የድንጋዩ ኳኳታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ከአባባ ጋር ገበያ ስንወርድ መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ክምር ነበር። አባባ አህያዋን አቁሞ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ አስያዘኝ።

«ጣይበት፣ እሙዬ። መጤ ነህ ብለው የገደሉት የጨው ነጋዴ የወደቀበት ነው።»

«አባባ፣ ታውቀዋለህ?»

«የት አውቄው። እናቱ በዚህ ያለፈች እንደሆነ ባዶ ሜዳ እንዳታገኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ያየኋትን አሮጊት ሁሉ እናቱ ትሆን እያልኩ አፈጥባት ነበር።

ዛሬ የታምራት እናት ከሆሳዕና መጣች። ክምሩንና ድንጋይ ይዘው የቆሙትን የዙሉ ጎረቤቶቹን አየችና፣ «ይህ ሁሉ ሰው ልጄን ያውቀው ነበር?» አለችኝ።

እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር። «አንቺን ስንጠብቅ ነው፣ እህቴ» ብዬ እጇን ያዝኩ።