የሦስት ቀን እንግዳ

መርዕድ ባልዲውን በጉልበቶቹ መሃል ያስገባና ክዳኑን በመዶሻው ጥፍር ይነቅላል። ስቱኮው ሌሊቱን ስላደረ ፊቱ ላይ ውሃ አቅርሯል። ያንን አይደፋም፤ ትንሽ ውሃ ይጨምርበትና እርጎ እስኪመስል ድረስ ከሥር ወደ ላይ ያገላብጠዋል። በግራ እጁ የሚይዛትን ረዘም ያለች ቆርቆሮ ገበቴ ይሞላል። የስፓቱላውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ አንዲት ጎርበጥ ያለች ነገር ካለችበት ግድግዳው ላይ መስመር ስለምትጥል ይሞርዳታል። ሁለት የጂፕሰም ሰሌዳዎች የተገናኙበትን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በስቱኮ ይሞላል። ወገቡ ላይ ከተንጠለጠለው ጥቅል የወረቀት ቴፑን ይስባል፤ ክፍተቱ ላይ ያሳርፈዋል፤ ከመሃል ወደ ላይ፣ ከመሃል ወደ ታች በስፓቱላው ይጫነዋል። አጥብቆ ከተጫነ ወረቀቱ ሥር ስቱኮ አይቀርም፤ ሲደርቅ ይላቀቃል። ካላላው ደግሞ ያብጣል። ልኩን የሚያውቀው የእጁ አንጓ ነው። ትርፉን ይጠርግና ወደሚቀጥለው ክፍተት ይሄዳል። ነገ በሰፋ ስፓቱላ ይደግመዋል፣ ከነገ ወዲያ ከዚያም በሰፋ፤ በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት። በደንብ የተሠራ መጋጠሚያ ቀለም ከተቀባ በኋላ አይታይም፤ ስለዚህ ማንም አያመሰግንበትም።

ዛሬ የሚሠራበት ቤት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ጫፍ፣ አስፋልት ገና ያልፈሰሰበት መንገድ ዳር ነው። አራት መኝታ ቤት አለው። አራቱም በር ይገባላቸዋል። መርዕድ ራሱ የሚተኛበት ክፍል በር የለውም፤ መጋረጃ ነው።

መርዕድ የአዳማ ልጅ ነው። ሙያውን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ አራት ዓመት ዱባይ ፎቅ ላይ ሲለስን ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 2005 መጨረሻ ላይ አንድ ተቋራጭ በሁለት ዓመት የሥራ ፈቃድ ወደ ካልጋሪ አመጣው። ነዳጅ ዋጋው ጣራ የነካበት ጊዜ ነው። ከተማው በአንድ በኩል ሠራተኛ አጣ፣ በሌላ በኩል ሠራተኛው ሲመጣ ማደሪያ አጣ። ሚስቱ ሙሉሸዋ በባሏ የሥራ ፈቃድ ተከትላው መጣች። ክፍለ ከተማ ጸሐፊ ነበረች፤ ከመሥሪያ ቤቷ ያለ ደመወዝ የሁለት ዓመት ፈቃድ ወስዳለች። እዚህ አየር ማረፊያው ውስጥ አውሮፕላን ታጸዳለች። አንዱ በረራ ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር ያለችው ጊዜ ትንሽ ናት፤ የወንበሩን ኪስ ትበረብራለች፣ ቀበቶውን ታነባብራለች፣ ማስቲካውን ትፍቃለች፣ ሮጣ ትወጣለች።

ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው። አንድ ጣሪያ ሥር የኖሩት ግን ዱባይ ከመሄዱ በፊት የነበረችው ዓመት ናት፣ ከዚያ ካልጋሪ። የካልጋሪዋም ብትሆን ብዙ አትቆጠርም። እሱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ይሠራል። እሷ ሺፍቷ ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። እሱ ሲነሳ እሷ ተኝታለች፤ እሷ ስትመለስ እሱ ተኝቷል። የሚገናኙት እሱ ከሥራ መጥቶ፣ ፎረስት ሎን ሰፈር ካለው የምድር ቤት ቤዝመንታቸው በር ላይ ቶዮታዋን ሳያጠፋ ጠብቆ፣ አየር ማረፊያ ሲያደርሳት ነው። ሃያ ደቂቃ።

«ትዳራችን ጎማ አለው» ይላል መርዕድ።

«ቀይ መብራት ሲይዘን ደስ ይለኛል» ትላለች ሙሉሸዋ። «ሌላው ሰው ይሳደባል፣ እኔ እመርቃለሁ።»

እሁድ ጠዋት ቸርች አለ፤ ከሰዓት እሷ ትገባለች። የቀረችው ቅዳሜ ናት። ቅዳሜ እሱ ስድስት ሰዓት ላይ ይለቃል፤ እሷ ኦፍ ናት። መጀመሪያው ዓመት ላይ ቅዳሜ ስልኩን ይነቅሉ ነበር። አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ምንም ሳይሠሩ ይመሻል። ልጅ ይፈልጋሉ። ሙሉሸዋ ሠላሳ ስድስት ሞልቷታል። ፈቃዱ ሲያልቅ እሷ ወደ መሥሪያ ቤቷ ትመለሳለች፤ እሱን ደግሞ የዱባዩ አሠሪ «ቦታህ አለ» ብሎታል፤ አዳማ የሚጠብቀው ሥራ የለም። ስለዚህ ሁለቱም ያውቁታል፦ ልጁ ከመጣ እዚህ ነው የሚመጣው፣ ቅዳሜ ነው የሚመጣው።

በፈረንጆቹ 2007 ጥር፣ ብርዱ አፍንጫ በሚቆርጥበት እሁድ፣ መጋቢው ከመድረክ አንድ ማስታወቂያ ተናገሩ። አንድ ታላቅ ወንድም ከዊኒፔግ መጥተዋል፤ ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ተዘግቶ ነው። ሥራ እዚህ በአንድ ቀን አግኝተዋል፣ አየር ማረፊያ ጋሪ መሰብሰብ። ማደሪያ ግን የለም። «ለሦስት ቀን ብቻ የሚያሳድር?» ሁሉም ቤት አስቀድሞ እንግዳ ነበረበት። ሰው ሁሉ ጫማውን ሲያይ፣ መርዕድ ዝምታው ከበደውና እጁን አወጣ። ሙሉሸዋ በክርኗ ጎሰመችው። አለችውም፦ «የት ልናስተኛቸው ነው? ኪስህ ውስጥ?»

ጋሼ ወልደየስ እንዲህ ሆነው መጡ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። ሶፋው ላይ ተኙ። ሶፋውና የባልና ሚስቱ አልጋ መሃል ያለው መጋረጃው ብቻ ነው። መርዕድ ግድግዳ ልሥራ ብሎ የቤቱን አከራይ ሴትዮ ጠይቆ ነበር፤ ቤዝመንቱ ለማከራየት ያልተፈቀደ ስለሆነ፣ ጣውላ ሲገባ ጎረቤት ያያል ብላ አልፈቀደችም።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። ብርድ ልብሳቸውን እንደ ወታደር ያጥፋሉ። ሰሃን አጥበው ይጠብቃሉ። በረዶውን ከደረጃው ላይ ጠርገው ጨው ይበትናሉ። ንጋት ላይ በለሆሳስ ይዘምራሉ። ሁለቱን «ልጆቼ» ይሏቸዋል። የሚያንኮራፉትም በትሕትና ነው፤ ትንሽ ብለው ያቆማሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ኦፋቸው ቅዳሜ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ክፍል አግኝተዋል፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ፣ አንድ ሱቅ ፎቅ ላይ። «በሉ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

እንግዳ ሄድኩ ሲል የሚባለው የታወቀ ነው፤ አፍ ከልብ ቀድሞ ይሮጣል።

«እንዴት? ምን አጎደልንብዎ?» አለች ሙሉሸዋ።

«ምንም። ኧረ ምንም!»

«ታዲያ በዚህ ብርድ? ሰው ምን ይለናል? አስቀየምንዎ እንዴ?» ዓይኗ ውሃ ሞላ። እንባው የድካም ነበር፤ ሌሊቱን ስድስት አውሮፕላን አጽድታለች። እሳቸው ግን ያንን በምን ያውቃሉ?

መርዕድ ደግሞ ሻንጣውን ከእጃቸው ነጠቀ። ወስዶም ሶፋው ሥር ከተተው። «ሞቼ ነው የሚወጡት» አለ።

ጋሼ ቀሩ። ክፍሉን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ወሰደው።

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ከፎረስት ሎን እስከ አየር ማረፊያ ተጨቃጨቁ።

«አንቺ ነሽ ያለቀስሽው።»

«አንተ ነህ ሻንጣ የነጠቅከው! ‹ሞቼ ነው› ያለው ማነው? እሺ ሙትልኛ!»

«እና ‹ይሂዱ› ልበላቸው? በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው?»

«አትበል። ግን እጅህን ምን ወሰደው ሻንጣው ላይ?»

«እንጃ። ሰው ሻንጣ ይዞ በር ላይ ሲቆም እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል።»

«ስቱኮ የለመደ እጅ፣ ያገኘውን ሁሉ ይለጥፋል» አለች። ሁለቱም ሊስቁ ፈለጉ፤ ግን ደርሰው ነበር፣ ከኋላ አንድ ታክሲ ጥሩምባ ነፋባቸው።

መጋቢት ላይ ጋሼ ሌላ ክፍል አገኙ። በዚህኛውም ሻንጣ ያዙ። ሙሉሸዋ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ለማለት ቆርጣ ነበር፤ እሳቸው ዝምታዋን አይተው «ከፋሽ አይደል?» ሲሏት «አዎ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል። መርዕድ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ነበር። ግን ምላሱ ኪስ የለውም፤ «ቢያንስ ብርዱ ይለፍ» አለ። ካልጋሪ ብርዱ መች ያልፋል? ሚያዝያም በረዶ ጣለ።

እንዲህ እያለ ቅዳሜው አለቀ። ሦስት ሰሃን፣ ሦስት ብርጭቆ፣ ከምሳ በኋላ ከጋሼ ጋር የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ፤ መርዕድ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ጋሼ ምዕራፉን ቀስ ብለው ይጨርሳሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ባልና ሚስቱ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ እሱም ስለ ጋሼ ነው።

ግንቦት መጀመሪያ፣ ሐሙስ ቀን፣ መኪናው ውስጥ ሙሉሸዋ መስኮቱን እያየች «ስድስት ወር ቀረን» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «እኔ ከአንተ ጋር ለመኖር ነው የመጣሁት፣ መርዕድ። ከጋሼ ወልደየስ ጋር አይደለም።» ቀይ መብራት ላይ ነበሩ። ዛሬ ግን አልመረቀችም።

ቅዳሜ መርዕድ ቅንድቡ በጂፕሰም አቧራ ነጭ ሆኖ ገባ። ጎመን በድስት፣ ሦስት ሰሃን በጠረጴዛ። ቡትሱን ሳይፈታ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እንደ ልጅዎ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገር እንጂ ልጄ።»

«ይውጡልን።»

ማማሰያው ከሙሉሸዋ እጅ ወደቀ። «ውይ በሞትኩት!»

«አንቺ ዝም በዪ፤ አሁን ደግሞ ‹ምን አጎደልንብዎ› እንዳትዪ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርዕድ አስለቀስኳቸው ብሎ ከደረጃው ተነሳ። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ የደከመው ሰው ሳቅ።

«አራት ወር!» አሉ። «አራት ወር ሶፋ ላይ! ይሄ ሶፋ ለወገቤ የሚመች መስሏችኋል? ዊኒፔግ ባለ አልጋ ነበርኩ እኮ! ሁለት ክፍል አስለቀቃችሁኝ። ይቺ ታለቅሳለች፣ ያ ሻንጣዬን ይነጥቃል። እነዚህ ልጆች አባት ናፍቋቸዋል፣ ጥዬያቸው ብሄድ ይከፋቸዋል ብዬ፣ ለእናንተ ስል ቀረሁ!»

«ለእኛ?» አለች ሙሉሸዋ።

«ለእናንተ እንጂ! ኦፌን ወደ ቅዳሜ ያስቀየርኩትስ ለማን ይመስልሻል? ቅዳሜ ብቻችሁን እንዳትሆኑ ብዬ ነው።»

መርዕድ ተመልሶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ጋሼ ስልኩን ይዘው ኮል ማድረግ ጀመሩ። የሱቁ ክፍል ተይዟል። የመጋቢቱም ተይዟል። አንዱ «ሰባት ሰው ተራ ይጠብቃል» አላቸው። አንዱ ጋራዥ አለኝ አለ፤ ማሞቂያ የለውም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝርዝሩ አለቀ።

«ግድ የለም፣ ለጊዜው ቸርች ወለል ላይ ባድርስ?» አሉ።

«ወለል? በዚህ ዕድሜዎ? ምን አጎ…» ሙሉሸዋ አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሼ ኮታቸውን ለበሱ። ቤተ መጻሕፍት እስኪዘጋ አልመለስም ብለው፣ በሩን ከውጭ ጥብቅ አድርገው ዘጉት። ባልና ሚስቱ ከአራት ወር በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ሙሉሸዋ ስልኩን ነቀለች፤ መርዕድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንዱን ቡትስ ፈታ። ሁለተኛውን ሳይፈታ እንቅልፍ ወሰደው። እሷም አጠገቡ ጋደም ስትል፣ እሷንም ወሰዳት። ጋሼ ሲመለሱ ድስቱ እንዳለ ነበር።

ይህ የሆነው ባለፈው ቅዳሜ ነው። መርዕድ ታሪኩ በቸርቹ መጽሔት እንደሚወጣ ሲነገረው፣ ለአንባቢ አንድ መልእክት አለኝ አለ። እንደተናገረው ይኸው፦

«ክፍል ያላችሁ፣ ወይም ክፍል ያለው የምታውቁ፣ እባካችሁ ደውሉ። ሰውየው አያጨሱም፣ አይጠጡም፣ በረዶ ይጠርጋሉ፣ ሬንት በቀኑ ይከፍላሉ። ትንሽ ያንኮራፋሉ፤ አልደብቅም። በር ያለው ክፍል ይሁን፤ በር ከሌለው እኔ መጥቼ እገጥማለሁ፣ ግድግዳም ካስፈለገ በነፃ እሠራለሁ። ከቅዳሜ ከሰዓት በቀር በፈለጋችሁት ሰዓት ደውሉ። ልትወስዷቸው ስትመጡ ግን፣ እኔም ሆንኩ ሙሉሸዋ በር ላይ ቆመን ‹ዛሬን ብቻ ይደሩ› ብንላችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ አትስሙን። ይዛችኋቸው ሂዱ።»