ባሌን ባንኮክ ኤርፖርት ጥዬው የሄድኩ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ሐበሻ ባገኘሁ ቁጥር «ባንኮክ እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ቆንጆ ነው፣ ሙቀቱ ብቻ!» እልና ወሬ እቀይራለሁ። እዚህ ግን እውነቱን ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ ባሰብኩት ቁጥር እስካሁን ፊቴ ይቀላል።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዌስትቼስተር ውስጥ የአንድ ሆቴል ሻትል ድራይቭ አደርጋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት። ሶ፣ በዚህ ጉዳይ እኔ የማላውቀው ነገር የለም ባይ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል መጀመሪያ የሚያማክረው ፓስተሩን አይደለም፣ እኔን ነው። «የጠራችሁን ሁሉ አትከተሉ፣ መኪናው ላይ ያለውን ስም አንብቡ» እያልኩ ስሰብክ፣ የትም የማይሄደው ሰው ሳይቀር ቆሞ ይሰማኛል።

ባለቤቴ አስፋው ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ሃያ ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አብረን ቫኬሽን ወጥተን አናውቅም፤ የኔ ሺፍት መች ያስወጣል! በመጨረሻ ይረክሳል ብሎ ጥርሱን ባንኮክ ሊያሠራ ሲወስን፣ «እዚያው ሁለት ሳምንት እናርፋለን። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ፣ ሥራሽን እዚሁ ትተሽ ትመጫለሽ» አለኝ።

«ኦኬ» አልኩ። ጉዞውን ግን በኔ ሕግ አደረግኩት። ፓስፖርቱ እኔ ጋ፣ ኢንሱሊኑ እኔ ጋ። ውጭ አገር የሚሠራው ስልክ አንድ ብቻ፣ እሱም እኔ ጋ። «አንተ ትጥላለህ» አልኩት። ምን ይበል?

ባንኮክ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። የሆቴላችን ሾፌር ስማችንን ይዞ ነጭ ቫኑ አጠገብ ቆሟል። አስፋው ሻንጣችንን አስጭኖ ገባና፣ «ነይ ቶሎ፣ መርፌዬ ሰዓቱ እየደረሰ ነው» አለኝ።

አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር። ዞር ስል፣ ከኛ ኋላ የቆመው ቫን ላይ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ሻንጣ ይጭናል። አጫጫኑ! ትንንሾቹን ከታች፣ ከባዱን ከላይ። ከየት አገር እንደመጡ የማላውቃቸው አንዲት አሮጊት ደግሞ ወገባቸውን ይዘው ሊያግዙት ይታገላሉ። እኔ ይህን አይቼ ዝም የምል ሰው ነኝ? «እትዬ ይተዉት፣ በሞቴ!» አልኩ፣ በአማርኛ።

ሾፌሩን ገፋ አድርጌ ሻንጣውን ሁሉ አወረድኩና እንደ ደንቡ ደረደርኩት። ከዚያ ተሳፋሪዎቹን፣ ሁሉም አዛውንቶች ናቸው፣ አንድ በአንድ ደግፌ አስገባኋቸው። የእትዬን ቀበቶ ላስርላቸው እኔም ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋና ቫኑ ተነሣ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ነኛ! ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ሻትል ብዙ እንዲቆም አይፈቅድም፤ ፖሊስ ያስነሣሃል፣ ተርሚናሎቹን ትዞርና እዚያው ትመለሳለህ። እንጀራዬ ነው፣ ስዞር ነው የምውለው። ሶ፣ «ዞሮ ይመለሳል» ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። እትዬ የተጨነቁ መስሎኝ እጃቸውን መታ መታ አድርጌ አጽናናኋቸው። እሳቸው ምን ያስጨንቃቸዋል? ወደ ሆቴላቸው እየሄዱ ነው።

ፍሪዌይ ስንገባ እንኳ «ምን ያለ ሰፊ ኤርፖርት ነው!» ብዬ አደነቅኩ።

የከተማው ፎቆች መታየት ሲጀምሩ ነው ክው ያልኩት። ቦርሳዬን ከፈትኩ። የአስፋው ኢንሱሊን። የአስፋው ፓስፖርት። ጌታ ሆይ! ወደ ሆቴላችን ደወልኩ። «ሰውየው ሚስቴ ሳትመጣ አልሄድም ብሎ ከነሻንጣው ኤርፖርት ወረደ» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በፊት መርፌ አሳልፎ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቷል፤ ያ አልጋ ዓይኔ ላይ መጣ።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው በመስታወት አይቶኝ ፈገግ አለ። በኋላ እንደገባኝ፣ ለእሱ የአዛውንቶቹ አስጎብኚ መስዬዋለሁ፤ አዛውንቶቹ ደግሞ የሆቴሉ ሠራተኛ አድርገውኛል። ከኔ በቀር ሁሉም በሰላም ነበር የሚሄደው።

እነሱ ሆቴል ስንደርስ የሪሴፕሽኗ ልጅ እንግሊዝኛ ትችል ነበርና እየተንተባተብኩ ነገርኳት፣ ለሾፌሩ አስረዳችልኝ። ሰውየው አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ የቫኑን በር ከፈተልኝ። ሥራውን ከእጁ የቀማሁት ሰውዬ!

መንገዱ ተዘጋግቶ መመለሻው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ግማሹን ጸለይኩ፣ ግማሹን ራሴን ስሳደብ ሄድኩ።

አስፋው ጥዬው የሄድኩበት ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አጠገቡ አለች። ብቻውን ሆኖ አይታው አዝና፣ ከምሳ ዕቃዋ ማንጎና ስኳር የጠገበ ሩዝ አካፍላዋለች።

«በላህ?!»

«ከአፏ ነጥላ ስትሰጠኝ እንዴት እምቢ ልበላት?»

ይሉኝታው! ሁለቴ ጨምራለት ሁለቴም በልቷል። የስኳር መለኪያው ያሳየኝን ቁጥር ከዶክተሩ በቀር ለማንም አልናገርም። እዚያው፣ ሰው እያየን፣ ሸሚዙን ገልጬ ወጋሁት።

ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ ቀስ ብሎ፣ «ያስገባሻቸው ሰዎች ደረሱ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እኔስ?»

እኔ ሰው ሳደርስ አሥራ አንድ ዓመት እራቱን ብቻውን የበላ ሰው ነው። የኤርፖርቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሽማግሌው ሾፌር ሁለታችንንም ሆቴላችን ድረስ አደረሰን። ሻንጣችንንም እንደለመደው፣ ከባዱን ከላይ አድርጎ ጫነው። አፌን ያዝኩ።

አስፋው አሁን ደህና ነው፣ ጥርሱም አምሮበታል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዱ ስለ ባንኮክ ጠየቀው። ጉዴ ሊወጣ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አስፋው ግን ወደኔ ዞር እንኳ ሳይል፣ «ከኤርፖርት ስንወጣ ትንሽ ጠፍተን ነበር እንጂ ጥሩ ነበር» አለው። ከዚያ ከኤርፖርቱ ወንበር ሁለት ሰዓት ያልተነቃነቀው ሰውዬ፣ ለኔ ሲል አብሮኝ ጠፋ።