የሰርፍ ቦርዱ ገመድ
ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰርፍ ቦርድ ግዛልኝ አለችኝ። እኔ ዋና አልችልም፤ ባሕርም እፈራለሁ። ምን የሚሉት ቅብጠት ነው ብል ማን ሊሰማኝ! አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ከአንድ ቦርድ በላይ ስለማይይዝ ሱቅ ሄደን ሻጩን፣ «ለትንሹም ለትልቁም ማዕበል የሚሆን አንድ ምረጥልን» አልኩት። መካከለኛ ርዝመት ያለው፣ ሰፋና ወፈር ያለ ቦርድ አወረደልን። ትንሽ ማዕበል ላይ በደንብ ይንሳፈፋል፣ ትልቁ ላይም ይታዘዛል አለን። ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚታሰር ገመድም ነበረው።

እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ገመድ ነው። በልጅነቴ አጎቴን በቅሎው ጥላው፣ እግሩ እርካቡ ውስጥ እንደተያዘ ስትጎትተው አይቻለሁ። ቦርዱም ልጄን እንደዚያ ይዟት ቢሄድስ? ባሕሩ ዳር ስንደርስ ሳታየኝ ፈታሁት። ገመዱ የት አለ ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ሱቁ ረስቶት ይሆናል» አልኳት። «ኢትስ ፋይን፣ ዳድ» ብላ ገባች።

ሦስተኛው ማዕበል ዋጣት። ቦርዱ ብቻውን እየተንሳፈፈ እግሬ ሥር መጣ። ከነልብሴ እስከ ወገቤ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ እግሬ እምቢ አለኝ። እመቤቴ ማርያምን እየተጣራሁ ቆሜ ቀረሁ። በስንት ጊዜዋ ጭንቅላቷ ብቅ አለ፤ እየዋኘች፣ እየጠለቀች ወጣች።

አሸዋው ላይ ተዘርራ እያሳለች፣ «ገመዱ ቢኖር ቦርዱን እይዘው ነበር» አለችኝ። «አሁኑኑ ሱቁ ሄደን እንጩህባቸው!»

የረጠበው ገመድ የጃኬቴን ኪስ ወደ ታች እየጎተተው ነበር።