ፊቱ ባዶ የቆየው ተዋጊ

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከጎጃም የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ደርግ ከመጣ ወዲህ ግን ቅዱሳን አስሎ የሚከፍል ስለጠፋ ለቀበሌው መፈክር ይጽፋሉ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብማ ኮልፌ ላይ እርሳቸው ያልቀቡት ቆርቆሮ አልነበረም። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሲያስነጥሳቸው ይማርዎት የምለው ከቤቴ ሆኜ ነው።

ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የቀራቸው አምሐ የሚባል አንድ ልጅ ነበር። እሱም ብሩሽ አልይዝም ብሎ መርከበኛ ሆነ፤ ሲሄድ በወጉ እንኳን አልተሰነባበቱም። በዚያ ክረምት ነገሬ የሚባል የመርከብ ጓደኛው ከጃፓን የተላከ የተገጣጣሚ አሻንጉሊት ካርቶን ይዞላቸው መጣ። አምሐ ለእረፍት ሲመጣ አብረው እንደሚገጣጥሙት፣ ቀለሙን አባቱ እንደሚቀቡት ነገራቸው።

"'አብረን' ነው ያለው?" አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። ነገሬ አዎን ቢላቸውም ደጋግመው አስነገሩት።

ካርቶኑ ላይ የተሣለው እንደ ፎቅ የገዘፈ ብረት ለበስ ተዋጊ ነው። ገና ባልመጣ ዘመን በከዋክብት መሃል የሚዋጋ ነው አሉ፤ ሰው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይነዳዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው በፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ጥቃቅን ክንድና ጉልበት ብቻ ነበር።

መስከረም ጠባ፤ አምሐ አልመጣም። ፋሲካም አለፈ። ሽማግሌው መጠበቁ ቢያንገበግባቸው አንድ ቀን ቁርጥራጩን ከዘንጉ ሊቆርጡ ምላጭ አነሡ። አንድ እግር ብቻ ልሞክር ብዬ ነው አሉኝ፣ ጾም ሲገድፍ እንደተያዘ ሰው አፍረው። አንዱን እግር ሌላው ተከተለ። የጃፓኑን ጽሑፍ ማን ያነበዋል፤ ሥዕሉንና ቁጥሩን እያዩ ገጣጠሙት። የግራውን ክንድ በቀኝ በኩል አጣብቀው ለማላቀቅ ሲታገሉ የዋሉበትም ቀን ነበር። ቀለሙ ከመፈክር የተረፈ ቀይና ቢጫ ነው፤ የደረቱን ጠርዝ ግን እንደ መልአክ ካባ በሐረግ አስጌጡት። የቀበሌው ሊቀ መንበር በአብዮቱ ቀለም መልአክ ሲሥሉ ቢያገኝዎት ምን ሊሉት ነው እያልኩ አሾፍኩባቸው። ሳቁ፤ ሲስቁ ልጅ ይመስላሉ።

ፊቱ ብቻ ባዶ ቀረ። ካርቶኑ ላይ ያለው ተዋጊ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። በእርሳቸው ሙያ ደግሞ ፊቱ ከጎን ታይቶ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ፊቱን ያዞረ ሁሉ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል። ልጃቸው ይህን መርጦ የላከው ምን ሊላቸው ፈልጎ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም ሱቅ ውስጥ ያገኘውን ገዝቶ እንጂ ይህን ያህል እንዳላሰበ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ሲመጣ ራሱን እጠይቀዋለሁ፣ ዓይኑንም እሱ አጠገቤ ቆሞ ነው የምሥለው ብለው ተዉት።

በክረምቱ ነገሬ ተመለሰ፤ ብቻውን ነበር። ከአየር ጤና ጀምሮ ጭቃ እየረገጠ መጥቶ በራፋቸው ላይ ቆመ። አምሐ አንድ የአውሮፓ ወደብ ላይ ከመርከብ ወርዶ እንደቀረ፣ ይህ መንግሥት እያለ እንደማይመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። ለእርሳቸው ያለው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። ምንም አላለም አላቸው። ሽማግሌው አንጀቴን በሉኝ። ምናለ አንዲት ቃል ቢዋሽላቸው ብዬ ነገሬን በሆዴ ረገምኩት።

እሱ እንደሄደ ጋሽ ሀብተሥላሴ ተዋጊውን መስኮቱ ሥር አምጥተው ቀጭኗን ብሩሽ ነከሩ። ያቺን አንድ ዓይን ሊሥሉ ነው ብዬ ልቤ ፈራ። የሣሉት ግን ሁለት ነው፤ ቅዱሳን ላይ የሚሥሉትን ዓይነት፣ ትልልቅ። ካርቶኑ ላይ ያለው እኮ አንድ ነው አልኳቸው።

"አውቃለሁ ጥሩብርሃን" አሉኝ። "ልጄ ግን ፊቱን አላዞረብኝም። ራቀ እንጂ ያየኛል።"

ከዚያም ከአልጋቸው ፊት ለፊት አስቀመጡት። እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ ሲያያቸው የኖረው እሱ ብቻ ነው።