ሳይጠማችሁ ጠጡ

ታላቅ እህቴ ለተራራ ወጪዎች የውኃ ኮዳ ስትሸጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ራሷ ተራራ ወጥታ አታውቅም፤ ምክሯ ግን ለጉድ ነው። "ብረቱ ቅዝቃዜ ይይዛል፣ ዳገት ላይ ግን ይከብዳችኋል። ባለ ቱቦው ቦርሳ እየሄዱ ለመጠጣት ይመቻል፣ ካላደረቃችሁት ግን ይሻግታል። ብቻ ሳይጠማችሁ ጠጡ!" ትላቸዋለች።

እሷ ሥራ ላይ ጠብታ አትቀምስም። ከጠጣች መጸዳጃ ቤት መሄዷ ነው፤ ከሄደች ደግሞ አለቃዋ "ደንበኛ ጥለሽ የት ጠፋሽ?" እያለ በሰው ፊት ያዋርዳታል።

ባለፈው ሳምንት ወገቧን ይዛ እሱቁ ወለል ላይ ወደቀች። የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ።

"ውኃ አትጠጪም እንዴ? ሥራሽ ምንድን ነው?" አላት ሐኪሙ።

"የውኃ ኮዳ ሻጭ ነኝ።"

የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷም ሕመሙ ጥርሷን እያስነከሳት፣ "ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ውስጡ ያለው ድንጋይ" ብላ አብራው ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ትናንት አለቃዋ ሊጠይቃት መጣ። ክዳኑ ስለተጫረ አልሸጥ ያለ ኮዳ በስጦታ አምጥቶላታል። የኔ ሞኝ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለችው።

"ምንም አይደል፣ ደህና አድርገሽ ጠጪበት" አላት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና፣ "አደራ፣ ሱቅ እንዳታመጪው።"