ታክሲ ውስጥ ደርቄ የቀረሁ ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ባስታወስኩት ቁጥር እፍረቱ እስከ ዛሬ ፊቴን ያግለዋል። ግን ያን ቀን ስለረዱኝ እናት ሳልናገር ብቀር ደግሞ ያንቀኛል።

ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ታክሲ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ግንብ ገጭቶ ነበር። የሞተ ሰው የለም። እኔም ክንዴ ተሰብሮ ዳነ። ታክሲ መሳፈር ግን አቃተኝ፤ በቃ፣ በሩን ሳየው እመለሳለሁ። የምሠራው ጳውሎስ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከአዲሱ ገበያ በእግሬ ስለምሄድ ሁሌ አረፍዳለሁ። በመጨረሻ አለቃዬ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ነገም ካረፈድሽ እዚያው ቤትሽ ቁጭ በይ።»

አልፈረድኩባትም። በነጋታው ጨክኜ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ ክራንች የያዙ ወፍራም እናት ተቀምጠዋል። ረዳቱ በሩን ድው አድርጎ ሲዘጋው አለቀልኝ። ጥርሴ ተነካከሰ። ጣቶቼ ተጨብጠው አልዘረጋ አሉ። ትንፋሼ ደረቴ ላይ ቆመ። «ወራጅ አለ» ልል ብሞክር ድምፄ የለም።

«ልጅቷ ምን ሆነች?» አለ ከኋላ አንዱ።

«የሚጥል በሽታ ነው! ክብሪት ጫሩላት!»

ክብሪቱ ተጫረ። ጭሱ አፍንጫዬ ስር ሲደርስ ይባስ አፈነኝ። አንዷ ሴት ከቦርሳዋ ጸበል አውጥታ አናቴ ላይ አፈሰሰችው። አንድ ወጣት ደግሞ ግንባሬን ይዞ «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» ይላል።

«ማንም ከመውጣቱ በፊት ሂሳብ!» አለ ረዳቱ። ሰው ሳቀ።

እኔ ሁሉንም እሰማለሁ። ሰይጣን የለብኝም፣ ፈርቼ ነው ብዬ መጮህ እፈልጋለሁ። መንጋጋዬ አይከፈትም።

ባለ ክራንቿ እናት ተቆጡ። «እረፉ እስቲ! አንተ፣ ክብሪቱን አጥፋ! ልጅቷ ፈርታ ነው። እኔም እግሬን ተሰብሬ ሆስፒታል ሳለሁ እንዲህ እደርቅ ነበር፤ መላውን ነርሷ ናት ያሳየችኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እጅሽ ልጨበጥ ካለ አትታገዪው። እንዲያውም ጨምቂው። የምትጠዪውን ሰው አንገት እንደያዝሽ። ጠበቅ፣ ጠበቅ... አሁን ልቀቂው። ይውደቅ።»

እጄ ጭኔ ላይ ወደቀ።

«ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ ሳቢው፣ እንዳኮረፈች ምራት። ልቀቂው። መንጋጋሽንም ፍቺው፣ ጥርስሽን ማንም አይሰርቅሽም። አሁን ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።»

ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። «እማማ፣ ትውረድና አየር ታግኝ።»

በሩ ተከፈተ። መውረድ እንዴት እንዳማረኝ! ግን ከወረድኩ ሁለተኛ እንደማልሳፈር አውቄዋለሁ። ሥራውም ያበቃለታል።

«ትወርጃለሽ?» አሉኝ።

«አልወርድም።»

«እንግዲያው ምን ትገትረናለህ? ንዳ!» አሉት።

እየሄድንም አልተዉኝም። ጫማዬ ውስጥ የእግር ጣቶቼን አስቆለመሙኝ፣ አስለቀቁኝ። ሆዴን ወደ ውስጥ አሳቡኝ፣ አስለቀቁኝ። ያ ሲጸልይልኝ የነበረው ወጣትም ሳይታወቀው ትከሻውን ሽቅብ ቁልቁል ያደርጋል። ባለ ጸበሏ «ውይ፣ ለካ እኔም ተጨብጬ ነው የምውለው» አለች።

ጳውሎስ ስንደርስ ዘልዬ ወርጄ ሮጥኩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። በሰዓቱ ገባሁ። አለቃዬ ፀጉሬን አይታ «ወደ እናንተ ዘንቧል እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ማን ያብራራል?

ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም በሩ ሲዘጋ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። አወርደዋለሁ። ተመልሶ ይወጣል። ደግሜ አወርደዋለሁ። ያናድዳል። ሥራዬ ግን በሰዓቱ እገባለሁ።